እንቅልፍ ያጣ ጋጋሪ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ዳቦ ጋግሬያለሁ። ዳቦ ቤታችን ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ከማታው 4 ሰዓት እገባለሁ፣ ሊጥ አቦካለሁ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ትሪ ከምድጃ አወጣለሁ። ሥራው ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ዳቦውን ለሱቆችና ለሻይ ቤቶች በባጃጅ ማዳረስ አለ። ሒሳብ መሰብሰብ አለ። ቤቴ ገብቼ ጋደም የምለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። 7 ሰዓት ላይ ልጄ ለምሳ ከትምህርት ቤት ትመጣለች። አብሬያት ምሳ ካልበላሁ መቼ ላያት ነው? እነሳለሁ። አራት ሰዓት እንቅልፍ፣ እሱም በቀን ብርሃን፣ በሰፈር ጫጫታ መሃል።

ያን ጊዜ ይህን እንደ ችግር አልቆጠርኩትም። ጋጋሪ ሌሊት ይሠራል፤ በቃ።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ወንድ ሆርሞን ነው፤ ቴስቶስትሮን ስለሚባለው። እኛ ወንዶች ስለዚህ ጉዳይ ከልብ ጓደኛችን ጋር እንኳ አንነጋገርም። ዝም እንላለን። ዝም ብለን ደግሞ ምንነቱን የማናውቀውን ነገር ገዝተን እንውጣለን። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ የሆነውን ሁሉ እንዳለ እናገራለሁ።

41 ዓመት ሲሞላኝ ሰውነቴ መለወጡን አወቅሁ። መጀመሪያ የመጣው ድካም ነው። ዱሮ ዱቄት ከመኪና ሳወርድ ምንም አይመስለኝም ነበር። ኋላ ግን አንድ ማዳበሪያ ተሸክሜ ሦስት ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሆዴ ተገፋ። ክብደቴ 89 ኪሎ ደረሰ፤ እኔ ደግሞ ረጅም ሰው አይደለሁም። ትንሽ ነገር ያናድደኛል። የዳቦ ቤቱ ልጆች ትሪ ሲያጋጩ እጮህባቸው ነበር። ከባለቤቴ ጋር ያለን ነገርም ቀዘቀዘ። ፍላጎቱ ራሱ ጠፋ። ጭራሽ ሳላስበው ወር የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ከእንቅልፍ ሲነቁ በወንድ ላይ በተፈጥሮ የሚታየው ነገርም ቀረ። ሐኪሞች ከሚጠይቋቸው የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ እሱ ስለሆነ ነው የማነሳው።

ባለቤቴ ምንም አላለችኝም። አለማለቷ ነው የከበደኝ። ሁለተኛ ልጅ ከፈለግን ሦስት ዓመት አልፎን ነበር። ጠበል ሄዳለች። ሐኪም ቤት ሄዳለች። የእሷ ምርመራ ደህና ነው ተባለ። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተመረመርኩም። አንተም ታይ ያለኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መውለድ ሲዘገይ ሁሉም ሰው የሚያየው ሴቷን ነው። ይህ ልማድ ስንት ሴት እንዳስለቀሰ ሳስብ አሁንም ያመኛል።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። በትንንሽ ፌስታል የተቋጠረ ቡናማ ዱቄት የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። «የወንድ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከማር ጋር አንድ ማንኪያ ውሰድ፤ ከዚያ ራስህ ትመሰክራለህ።» ምንድን ነው ስለው «ሥር ነው፣ ቅጠል ነው፣ የአባቶች ነው» አለኝ። ገዛሁ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ወሰድኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊቴ ጋለ። ራሴን ወጥሮ ያዘኝ። አፍንጫዬ ታፈነ። ልቤ እንደ ከበሮ ይመታል። ቀና ብዬ አምፖሉን ሳይ ዙሪያው ሰማያዊ ሆኖ ታየኝ። መሥራቱንስ ሠርቷል። እኔ ግን ሌሊቱን በዚሁ እቀራለሁ ብዬ ስፈራ ነው ያደርኩት። በነጋታው ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። ሌላ ከተማ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። የወሰድኩትን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «አጎቴ፣ የቀረውን ጣለው፤ መጀመሪያ ደምህን ተለካ» አለኝ።

ዱቄቱን ጣልኩ። ለመለካት ግን ቸኮልኩ። ሌሊቱን ስሠራ አድሬ፣ ዳቦ በሻይ በልቼ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ደም ቀዱኝ። ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ በአራተኛው ቀን ውጤቱ መጣ። ቴስቶስትሮን 238 ናኖግራም በዴሲሊትር ይላል። ያየኝ ሰው ወረቀቱን አንብቦ «ዝቅ ብሏል፤ የቴስቶስትሮን መርፌ እንጀምርልህ፤ በየሦስት ሳምንቱ ነው» አለኝ። መቼ ነው የተኛኸው አላለኝም። ልጅ ትፈልጋለህ ወይ አላለኝም። እጄን ልዘረጋ ምንም አልቀረኝም ነበር። የዚያን ቀን ብር ስላልያዝኩ ብቻ ለነገ ተባባልን።

ማታ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ልጅ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

«አጎቴ፣ ደሙን የሰጠኸው በስንት ሰዓት ነው?»

«በ9 ሰዓት።»

«ሌሊቱን ተኝተሃል?»

«መቼ ተኝቼ አውቃለሁ?»

«እንግዲያው ይህ ቁጥር ምንም አይነግረንም። መርፌውን እንዳትወጋ። ልጅ የምትፈልግ ከሆነ በጭራሽ እንዳትወጋ።»

እሱ ነው ወደ ትክክለኛው ሐኪም የመራኝ። ሐኪሟ ሴት ናት። በሩ ላይ ስደርስ ልመለስ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ለሴት እንዴት አድርጌ ነው የምናገረው? እሷ ግን ወረቀቷን ይዛ እንደ ጉንፋን ጠየቀችኝ። ስንት ሰዓት ይተኛሉ? ያንኮራፋሉ? ምን ይጠጣሉ? ጫት ይቅማሉ? በልጅነትዎ ጆሮ ደግፍ ይዞዎት ያውቃል? ምድጃው ከቆሙበት ምን ያህል ይርቃል? ይህን የመጨረሻውን ስትጠይቅ ገረመኝ። ሥራዬን የጠየቀኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

ከዚያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳችኝ። ቴስቶስትሮን የሚመረተው በዘር ፍሬ ውስጥ ነው። ትእዛዙ የሚመጣው ግን ከላይ ነው። ከአንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል፣ የአተር ፍሬ የምታክል ዕጢ አለች። እሷ በደም በኩል መልእክት ትልካለች፤ የዘር ፍሬ መልእክቱን ተቀብሎ ያመርታል። ይህ ሥራ የሚጧጧፈው ሰው ሲተኛ ነው። ስለዚህ መጠኑ ከፍ የሚለው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። በአብዛኛው ላቦራቶሪ ለአዋቂ ወንድ ከ300 እስከ 1,000 ናኖግራም ያለው እንደ ደህና ይቆጠራል። ግን ደሙ የሚቀዳው ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ ሰውየው በደንብ ተኝቶ ሲነሳ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ቀን አይወሰንም፤ በሌላ ጠዋት ይደገማል። ሌሊት የሚሠራ ሰው ደግሞ ከዋናው እንቅልፉ እንደነቃ ነው መለካት ያለበት። እኔ ሁሉንም ተቃራኒውን አድርጌ ነበር።

የመርፌውን ነገር ስትነግረኝ ደነገጥኩ። ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ትእዛዙን ያቆማል። ትእዛዝ ያጣው የዘር ፍሬ ሥራ ይፈታል፣ እየቀነሰም ይሄዳል። የወንድ ዘር መመረቱ እስከ መቆም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 1990 አካባቢ ይህንኑ መርፌ የወንዶች የእርግዝና መከላከያ ይሆን እንደሆነ አስጠንቶት ነበር። እና እኔ፣ ሦስት ዓመት ልጅ የለመንኩት ሰው፣ በብሬ ገዝቼ ልወጋው አንድ ቀን ነው የቀረኝ። ጂም የሚሄዱ ልጆች ጡንቻ ለማሳበጥ ብለው ይህን ሲወጉ እሰማለሁ። ወንድሞቼ፣ የነገ ልጃችሁን ዛሬ አትሽጡት።

መርፌው የግድ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። የዘር ፍሬያቸው የተጎዳ፣ ፒቱታሪያቸው ላይ እብጠት ያለ፣ ከተፈጥሯቸው በበቂ የማያመርቱ። ለእነሱ ተገቢ መድኃኒት ነው። ሐኪሟ እኔ ከእነሱ መሆኔን ሳታጣራ አልጀምርም አለች።

አንድ ሳምንት ሌሊት ሌሊት ተኝቼ እንድመጣ ነገረችኝ። ሸሪኬን ለምኜ ሳምንቱን ያዘልኝ። የመጀመሪያውን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ባለቤቴ በመሃል ገብታ እየተነፈስኩ መሆኔን አይታለች። በሳምንቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም ሰጠሁ፤ 297 ሆነ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተደገመ፤ 314። ድንበሩ ላይ ማለት ነው። በባዶ ሆድ ስኳሬ 112 ነበር፤ ወደ ስኳር በሽታ መንገድ ጀምሬያለሁ። የዘር ፈሳሽም ተመረመረ። በአንድ ሚሊ ሊትር 11 ሚሊዮን። ዝቅተኛው ድንበር 16 ሚሊዮን ነው።

«መርፌም ክኒንም አልሰጥዎትም» አለች። «መጀመሪያ እንቅልፍ፣ ቀጥሎ ሆድ፣ ከምድጃውም ራቅ ይበሉ። የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ አይቸኩሉ።»

የምድጃው ነገር ይህ ነው። የዘር ፍሬ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ያለ ምክንያት አይደለም። የወንድ ዘር ለመሠራት ከቀሪው ሰውነት በሁለት ሦስት ዲግሪ የቀዘቀዘ ቦታ ይፈልጋል። ሌሊቱን ሙሉ እሳት ፊት የሚቆም ሰው ይህን ያጣል። ጋጋሪዎች፣ በያጆች፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚቀመጡ ሾፌሮች ይህን ይወቁት።

እንቅልፍን በተመለከተ የነገረችኝ ጥናት እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ ነው፤ በፈረንጆቹ 2011 የታተመ። አሥር ጤነኛ ወጣቶችን ለአንድ ሳምንት በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ አስተኟቸው። የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወረደ። ዕድሜ ብቻውን በዓመት 1 በመቶ ገደማ ነው የሚቀንሰው። ጎረምሶቹ በአንድ ሳምንት ከአሥር ዓመት በላይ አረጁ ማለት ነው። እነሱ አምስት ሰዓት ለአንድ ሳምንት። እኔ አራት ሰዓት ለዘጠኝ ዓመት።

ቤቴ ገብቼ ብዙ አሰብኩ። ዳቦ ቤቱን አልተው። እንጀራዬ ነው፤ የሰባት ሰው እንጀራ ነው። ሌሊት ካልተሠራ ደግሞ ጠዋት ዳቦ የለም። ሸሪኬም «ተኝተህ ልትጋግር ነው?» አለኝ። መልሱን ያገኘሁት ከእናቴ ነው። እናቴ ለበዓል ድፎ ስትጋግር ሌሊት ተነስታ አታቦካም ነበር። ማታ በእርሾ አቡክታ፣ ከድና፣ ትተኛለች። ሊጡ ሌሊቱን ቀስ ብሎ ኩፍ ይላል። ጠዋት በኮባ ጠቅልላ ትጋግራለች። እኛ በማሽን ዘመን እርሾውን አብዝተን ሊጡን በአንድ ሰዓት ተኩል አስቸኩለን፣ ራሳችንን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አቆምነው።

ሞከርኩት። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ በቀዝቃዛ ውኃ አቦካለሁ። እርሾውን ወደ ሩብ አወረድኩት። ሊጡን በትላልቅ ሳፋ አድርጌ የጓሮው ክፍል ውስጥ እከድነዋለሁ። ጎንደር ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት። 2 ሰዓት ተኩል ላይ እተኛለሁ። 9 ሰዓት ተኩል ላይ እነሳለሁ። ሰባት ሰዓት ሙሉ። 10 ሰዓት ላይ ዳቦ ቤት ደርሼ ሊጡን እያድቦለቦልኩ ትሪ ላይ እደረድራለሁ። 12 ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያው ዳቦ ይወጣል።

ወዲያው አልተሳካም። በመጀመሪያው ሳምንት ሊጡ ኮምጥጦ፣ ከሳፋው ፈስሶ አገኘሁት። ያን ሁሉ ዱቄት ለከብት ሰጠሁ። መጋቢት ላይ ሲሞቅ እርሾው ከሩብም ማነስ እንዳለበት ተማርኩ። በክረምት ደግሞ ትንሽ ይጨመራል። በሁለተኛው ወር እጄ ለመደው። ዳቦው ጣዕሙ ተሻለ፤ ቶሎ አይደርቅም። አንዲት ሻይ ቤት ያላት ደንበኛችን «ዱቄት ቀየራችሁ እንዴ?» አለችኝ። ሸሪኬም ከዚያ ወዲህ አፉን ዘጋ። ምድጃውንም በተራ እናደርገዋለን፤ አንድ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ እሳት ፊት አይቆምም።

እንቅልፉን ለመጠበቅ ሌሎች ነገሮችን ተውኩ። ለመንቃት ስል በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የምቅመውን ጫት አቆምኩ። ለመተኛት ስል የምጠጣትን አረቄም እንዲሁ። አረቄ የሚያስተኛ ይመስላል እንጂ እንቅልፉን በመሃል ትሰብረዋለች፤ በብዛት ሲጠጣ ደግሞ ራሱን የዘር ፍሬውን ይጎዳል። ስልኬ ሌላ ክፍል ያድራል። የአገሩ ሁኔታ በሚያስጨንቅበት ሰሞን ሌሊት ዜና ሳሳድድ የማነጋ ሰው ነበርኩ። ጭንቀት ሲበዛ ኮርቲዞል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል፤ እሱ ሲበዛ የወንድ ሆርሞን ትእዛዝ ይደክማል። ዜናውን አሁን ጠዋት እሰማለሁ።

ወደ ሆዴ ልምጣ። የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ቴስቶስትሮንን ወደ ሴት ሆርሞን ወደ ኢስትሮጅን የሚቀይር ኢንዛይም አለው። ሆድ በጨመረ ቁጥር ቅየራው ይጨምራል። ቴስቶስትሮን ሲቀንስ ደግሞ ስብ ይበዛል። እንዲህ እየተሽከረከረ ይሄዳል። እኔን ያሰባኝ ሌሊት የምበላው ነው። ትኩስ ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ማን ይታገሣል? በሌሊት አራት አምስት ዳቦ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ባለው ሻይ። አሁን ሌሊት ተኝቼ ስለማድር ያ ሁሉ በራሱ ቀረ።

በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቁስቋም በእግሬ እወጣለሁ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ያለበት ነው። ከፒያሳ ተነስቶ ዳገት ነው። መጀመሪያ ሰሞን አራቴ እያረፍኩ ነበር የምወጣው። መንገድ ዳር የሚቀመጡ አንድ አባት በየሳምንቱ ሲያዩኝ ጊዜ «ልጄ፣ ስለት አለብህ?» አሉኝ። «አዎ አባባ» አልኳቸው። እውነቴን ነው። «ትድረስልህ» ብለው መረቁኝ። አሁን ሳላርፍ እወጣለሁ። እሳቸውም «ዛሬስ ቶሎ መጣህ» ይሉኛል።

በቀሩት ቀናት ሃያ አምስት ኪሎ ዱቄት ደረቴ ላይ ታቅፌ ቁጭ ብድግ እሠራለሁ። ዱቄት ስለማወርድ ስፖርት የምሠራ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሟ በሳምንት አንድ ቀን ማውረድ አይበቃም አለችኝ። ስፖርት በራሱ ቴስቶስትሮንን ብዙ ከፍ አያደርግም። የሚያደርገው ጡንቻ ማብዛት፣ ስኳር ማውረድ፣ ሆድ መቀነስ ነው። ሆርሞኑ በእነዚያ በኩል ይመጣል።

ስለ ምግብ ሰዎች በጣም ይጠይቁኛል። በተለይ ስለ ጾም። ሥጋ ያልበላ ወንድ ይደክማል የሚል ወሬ አለ። ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማይበሉ ወንዶች ተጠንተው ቴስቶስትሮናቸው ከሥጋ በሎቹ አላነሰም። እኔ ሁዳዴን ሃምሳ አምስቱንም ቀን ጾሜያለሁ፤ ሐኪሟም ጹም አትጹም አላለችኝም። ያለችኝ ዚንክ የሚባለው ማዕድን እንዳይጎድልብኝ ነው። ዚንክ የጎደለበት ወንድ ቴስቶስትሮኑ በእርግጥ ይወርዳል። በሥጋ ውስጥ አለ። በሰሊጥ፣ በዱባ ፍሬ፣ በሽምብራ፣ በምስርም አለ። ሰሊጥ ደግሞ ከመተማና ከሑመራ እኛው ደጃፍ ነው የሚመጣው። ባለቤቴ ሰሊጥ ቆልታ ትወቅጥልኛለች፤ ጠዋት በውኃ በጥብጬ እጠጣለሁ።

እዚህ ላይ ጋጋሪነቴ ገባ። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። ዚንኩን አንቆ ይይዘዋል፤ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። እርሾ ውስጥ ብዙ ያደረ ሊጥ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። በእርሾ ያደረ እንጀራ፣ ሌሊቱን ያደረ የዳቦ ሊጥ፣ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ያደረ ሽምብራ፣ ሁሉም ዚንካቸውን ይለቃሉ። እናቶቻችን ሳይማሩ ያውቁት ነበር። እኔ ለእንቅልፌ ብዬ የቀየርኩት ሊጥ ዳቦውንም የተሻለ ምግብ አደረገው። ይህን ባወቅሁ ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ።

አብሽስ? ጥቂት ትንንሽ ጥናቶች ጥሩ ነገር አይተውበታል፤ ግን ጠንካራ ማስረጃ የሚባል አይደለም። እኔ ስለምወደው እጠጣለሁ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ አብሽ ስኳር ያወርዳል።

የገበያውን ዱቄት ምልክቶች ለሐኪሟ ስነግራት አልተገረመችም። የፊት መጋል፣ የአፍንጫ መታፈን፣ ሰማያዊ ማየት ቪያግራ በሚባለው መድኃኒት ውስጥ ያለው የሲልዴናፊል ምልክቶች ናቸው። «ተፈጥሯዊ ነው» ተብለው የሚሸጡ የወንድ ዱቄቶችና ክኒኖች በየአገሩ ሲመረመሩ ይህ መድኃኒት በድብቅ ተቀላቅሎባቸው በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ሲልዴናፊል ደም ያዘዋውራል እንጂ ቴስቶስትሮን አንድ ጠብታ አይጨምርም። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢውጥ ሊሞት ይችላል። ስንፈተ ወሲብ ራሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የደም ሥር፣ የስኳር ወይም የግፊት ምልክት ነው። ዱቄቱ ምልክቱን ይሸፍነዋል፤ በሽታው ከሥር ይሠራል።

ይህ መታለል ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 1889 ፓሪስ ውስጥ ብራውን ሴካር የሚባል ታላቅ ሐኪም በ72 ዓመቱ ከውሻና ከጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወግቶ «ወጣትነቴ ተመለሰ» ብሎ ነበር። ብዙ ሰው ተከተለው። ፈሳሹ ውስጥ ግን የሚረባ ሆርሞን አልነበረም፤ የሠራው ተስፋው ነው። ቴስቶስትሮን ተለይቶ የታወቀው በ1935 ነው፣ አምስተርዳም ውስጥ፣ ከበሬ የዘር ፍሬ።

ስምንተኛው ወር ላይ ሄጄ ተለካሁ። ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ ተኝቼ። ክብደቴ 80 ኪሎ ሆኗል። የወገቤ ዙሪያ ከ109 ወደ 98 ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ስኳሬ 96። ቴስቶስትሮኔ 427፣ በሳምንቱ ሲደገም 409። የዘር ቁጥሩ 24 ሚሊዮን። ሐኪሟ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየቻቸውና «የተኛ ሰው ደም ይህ ነው» አለች።

ባለቤቴ ገና አልፀነሰችም። እየጠበቅን ነው። ማንኮራፋትህ ቀርቷል ትለኛለች። ማታ አብረን እንተኛለን፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በአንድ ሰዓት ወደ አንድ አልጋ እንሄዳለን። ብዙ ነገር የተመለሰው በዚያ ነው። ልጄም ሳይጮህ የሚያዋራት አባት አግኝታለች።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ዳቦ ቤት ሌሊት የሚሠራ አንድ ልጅ መጣ። 27 ዓመቱ ነው፤ በጥር አግብቷል። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቆ «አያ፣ ያ ዱቄት የሚሸጠው ሰውዬ አሁንም አለ?» አለኝ። ስንት ሰዓት ትተኛለህ አልኩት። መሬት መሬት እያየ «ሦስት፣ አራት» አለኝ። የማታ ሊጡን አሠራር እጁን ይዤ አሳየሁት። የእሱን አለቃ ሄጄ አናገርኩ፤ አምስት ሌሊት እኔና ሸሪኬ ተፈራርቀን ልንሠራለት ተስማማን። ከዛሬ ጀምሮ ይተኛል። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ምንም ሳይቀምስ፣ ላቦራቶሪ በር ላይ እንገናኛለን።